ከአልጋ እስከ በር ስንት እርምጃ

ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እርምጃ እቆጥራለሁ። ከቀኝ ተረከዜ በላይ ያለው ጅማት እስኪፍታታ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳነከስኩ ነው የምቆጥረው። የጅማቱን ማጠንከሪያ መሥራት በጀመርኩበት ሳምንት 41 ነበር፤ ዛሬ፣ በአስራ አንደኛው ሳምንት፣ 6 ነው። መለኪያውን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ሆኖም እጄ ላይ አስሬው እዞር ከነበረው የሩጫ ሰዓት የተሻለ እውነቱን ይነግረኛል።

ባለፈው ማስታወሻዬ የአኪሊስ ጅማቴ መታመሙን ጽፌ ነበር። እንዴት እንደታመመ ግን አልጻፍኩም፤ አፍሬ ነው። የተጎዳሁት ኑሮዬን ላቅልል ብዬ ነው።

ዕቃ ስቀንስ፣ ቁም ሣጥን ባዶ ሳደርግ፣ ያን ሰሞን ደስታው ሌላ ነበር። ተራው ጫማ ላይ ደረሰ። ወፍራም ሶል ያለውን የሩጫ ጫማዬን ለሰው ሰጠሁና ስስና ጠፍጣፋ ጫማ ገዛሁ። አብዛኛው የተለመደ የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከፊቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። የእኔ አዲሱ ጫማ ዜሮ ነበር። አንድ ሴንቲሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ተረከዝ ዝቅ ባለ ቁጥር ባትና ጅማት የበለጠ ይለጠጣሉ፤ በሩጫ ጊዜ ደግሞ ያ ጅማት የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት ብዙ እጥፍ ነው። ዳገት ሲጨመርበት ተረከዝ የባሰ ወደ ታች ይወርዳል። ከጫማው ጋር የመጣው ወረቀት ቀስ በቀስ፣ በወራት ውስጥ ተለማመዱ ይላል። አንብቤዋለሁ። በሦስተኛው ቀን 14 ኪሎ ሜትር ተራራ ወጣሁ።

ለጓደኞቼ የማቀርበው መከራከሪያ አበበ ቢቂላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም? አሸንፏል። ነገር ግን የእርሱ እግር ያን ሳይጫሙ መሮጥ የተማረው በሦስት ቀን አልነበረም። ደግሞም በ1964 ቶኪዮ ላይ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው፤ 2:12:11 ገባ፤ ከሮም ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ያህል የፈጠነ። ቶኪዮን አንስቶ የሚከራከረኝ ሰው አለመኖሩ ጎዳኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ አረፍኩ። ሦስት ሳምንት። ሕመሙ ጠፋ፤ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን እርሱም ተመለሰ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ምክንያቱን ስታስረዳኝ ተናደድኩ፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ብዬ። ጅማት እንደ ጡንቻ አይደለም፤ የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ የሚታደሰው በዝግታ ነው። ዕረፍት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም። የሚያጠነክረው ሸክም ነው፤ በልክ የተሰጠ ሸክም።

እንዲህ ነው የምሠራው። ደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣቶቼ ሥር እቆማለሁ። በደህናው እግሬ ሽቅብ እነሳለሁ፤ ከዚያ ክብደቴን ወደ ታማሚው አዛውሬ ተረከዜ ከደረጃው ጠርዝ በታች እስኪሆን ድረስ በዝግታ እወርዳለሁ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፤ ጉልበት ጎበጥ ብሎ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጠዋትና ማታ። በቀን 180፣ በ12 ሳምንት 15,120። ሲቀልላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክብደት ትጨምራላችሁ። ይህን መርሐ ግብር ስዊድናዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ራሱ ሯጭ ነበር፤ ጅማቱን ታምሞ አለቃው ቀዶ ሕክምና ቢከለክለው፣ እስኪበጠስ ልሥራበትና ያን ጊዜ ግድ ይሆንባቸዋል ብሎ ጀመረው፤ ዳነ ይባላል። በእልህ የተገኘ መድኃኒት ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም የወደድኩት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የእኔ ሕመም ከተረከዝ አጥንት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው። ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንት ጋር የሚገናኝበት ላይ ከሆነ ከደረጃው በታች መውረድ ያባብሰዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በባለሙያ ታዩ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ ሳይሆን ስልቸታው ሊያስቆመኝ ነበር። ሁለት ጣቴን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ዘወትር ያንኑ የተላጠ ቀለም እያየሁ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ቆሞ ሲመለከተኝ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እየወጡ ነው ወይስ እየወረዱ?» አለኝ። «እየወረድኩ ነው» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ዘልሎኝ ወጣ።

ወደ ሩጫ የተመለስኩት በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ ሜዳ ላይ፣ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ መራመድ። ሕመሙ ከአስር አምስት እስካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት እስካልጨመረ ድረስ ይፈቀዳል። የጠዋቱ ቆጠራ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ስለ ቀላል ኑሮ ለጠየቃችሁኝ፦ ዕቃ መቀነሱን አላቆምኩም፤ ጫማ ግን አሁን ሁለት ጥንድ አለኝ፣ አንዱ እንደ ድሮው ተረከዙ ከፊቱ ከፍ ያለ። ይልቅስ ሳይነካ የቀረው የቀን መቁጠሪያዬ ነበር። ቤቱን ባዶ ካደረግሁ በኋላ እንኳን በዓመት ሦስት ውድድር፣ በሳምንት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ በሰዓቱ ላይ ይህን ያህል የልብ ምት ነበረኝ። የ50 ኪሎ ሜትሩን ውድድር ሰረዝኩ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል።

ዳገት ላይ እራመዳለሁ። ድሮ ነውር ይመስለኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአውሮፓው ሞንት ብላን ተራራ ዙሪያ በሚደረገው፣ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 10,000 ሜትር ያህል ዳገት ባለው ውድድር ግን ጎበዞቹም ቀጥ ያለውን አቀበት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው የሚወጡት።

ቅዳሜ በጫካው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ሄድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሥሮቹ ያንሸራትቱ ነበር፤ ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም። በመጨረሻው ዳገት ሁለት ወጣቶች አለፉኝ፤ እግሬ ሳላዘው ተከተላቸው፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሮጥኩ። እሑድ ጠዋት 11 ቆጠርኩ። ዛሬ 6። የማታው 90 ገና ይቀረኛል።