ጣሊያንኛን በእንግሊዝኛ በኩል መማር ሰለቸኝ

ዛሬ እሁድ ነው። ደብተሬን ከፍቼ ካምና ጀምሮ የሞከርኳቸውን ነገሮች ሳገላብጥ ግማሹ ብር ማባከን፣ ግማሹ ዳታ ማባከን ሆኖ አገኘሁት፣ እስቲ ሳልረሳው ልጻፈው።

ምክንያቴ ቀላል ነው፣ ማስተርሴን ጣሊያን አገር መማር እፈልጋለሁ፣ የምፈልገው ትምህርት ደግሞ የሚሰጠው በጣሊያንኛ ስለሆነ የቢ2 ሰርተፊኬት ያስፈልገኛል። ቢ2 ማለት ቡና ማዘዝ አይደለም፣ ጋዜጣ አንብቦ ሐሳብ መስጠት፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ፈታኝ ፊት ቁጭ ብሎ መከራከር ምናምን ነው። እና እኔ መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ፣ «ለኛ ጣሊያንኛ ምን ይከብዳል፣ ግማሹን እናውቀዋለን እኮ!» መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ካናቴራ፣ ሲሚንቶ፣ ፋብሪካ፣ ባንኮኒ፣ ኮመዲኖ። መርካቶና ፒያሳ ስመላለስ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ካዛንቺስ እንኳ ስሙ «ካዜ ኢንቺስ» ነው፣ ኢንቺስ የሚባለው ለመንግሥት ሠራተኛ ቤት የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት የሠራቸው ቤቶች ማለት ነው።

በዚህ ትዕቢት አንድ አፕ አወረድኩ። 140 ቀን ሳላቋርጥ ተጫወትኩ (ተማርኩ አልልም)፣ በ141ኛው ቀን የጣሊያን ራዲዮ ከፍቼ ሳዳምጥ የያዝኩት «ቦንጆርኖ»ን ብቻ ነበር። ከዛ ወዲያ ያለው እንደ ጎርፍ አለፈ። የአፑ ዋና ችግር ግን ጨዋታነቱ አይመስለኝም፣ አማርኛ የሚባል ምርጫ ስለሌለው የሚያስተምረኝ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስሳሳት ጣሊያንኛው ይሁን እንግሊዝኛው የጣለኝ አላውቅም። ዩቲዩቡም፣ ፖድካስቱም፣ በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍም እንደዛው። ሁሉም የሚያወሩት እንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ሰው ነው።

ይሄ የገባኝ «ሚ ማንኪ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ገጽ ሙሉ ሲጨነቅባት፣ ገልብጣችሁ አስቡት፣ ባለቤቱ እኔ አይደለሁም ሌላው ሰው ነው፣ ተጠንቀቁ ሲል፣ እኔም አብሬ ስጨነቅ ከርሜ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ብልጭ አለልኝ። «ትናፍቀኛለህ» እኮ ነው! ባለቤቱ አንተ፣ እኔ ደግሞ መሃሉ ላይ «ኝ» ሆኜ ተለጥፌያለሁ። ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም። «ሚ ፒያቼ» ያው ደስ ይለኛል፣ «ሚ ፋ ማሌ ላ ቴስታ» ያው ራሴን ያመኛል። አንድ ወር የፈጀብኝን ነገር በአማርኛ ባስበው ኖሮ ከሻይ ቤት ሳልነሳ እጨርሰው ነበር።

ከዛ በኋላ እንግሊዝኛ ለብቻው የሚያከብዳቸውን ነገሮች መልቀም ጀመርኩ። ተውላጠ ስሙን ጣሉት፣ ግሡ ውስጥ አለ ይላሉ፣ እኛ መቼ «እኔ እሄዳለሁ፣ እኔ እበላለሁ» እያልን እንውላለን? ለትልቅ ሰው «ሌይ» ይባላል ብለው ባህሉን ያብራራሉ፣ እርስዎ ብሎ ላደገ ሰው ይሄ ትምህርት አይደለም። ደግሞ ድርብ ፊደሉ አለ። «ፓላ» ሲላላ አካፋ፣ ሲጠብቅ ኳስ፣ «ኖኖ» ሲላላ ዘጠነኛ፣ ሲጠብቅ አያት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ጆሯቸው ይሄን ለመለየት ይቸገራል፣ ልምምዱም ብዙ ነው፣ እኛ ግን ገናን ከገና፣ ዋናን ከዋና እየለየን ነው ያደግነው። የሚያስቀው ግን እኔ ቃላቱን ደብተሬ ላይ በፊደል ስለምጽፋቸው ማጥበቂያው ጠፋ፣ ፊደላችን አያሳየውማ። እና አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን ስናገር «አኒ» የምትለዋን ሳላጠብቃት ቀረሁ። ካልጠበቀች ዓመት መሆኗ ቀርቶ ከወገብ በታች ያለ ነገር ነው የምትሆነው፣ ያውም በብዙ ቁጥር። አስተማሪያችን በጨዋ ደንብ ወደ መስኮቱ ዞረች። አሁን የሚጠብቀው ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ፣ እንደ ድሮ የሰዋስው መጽሐፍ።

በአማርኛ የተጻፈ ማስተማሪያ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ያሉት ጥሩ ጥሩ መጻሕፍት የተሠሩት ለኛ አይደለም፣ አማርኛ ለሚማሩ ጣሊያኖች ነው። ኢኛዚዮ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1901 ሮም ላይ ያሳተመው የአማርኛ-ጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት አለ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ በ1905 ለጣሊያኖች የአማርኛ ሰዋስው አዘጋጅቷል፣ ኔፕልስ አማርኛ ያስተምር ነበር። የጉዊዲን ስካን አውርጄ ከኋላ ወደ ፊት እንደሚሄድ ሰው እጠቀምበታለሁ፣ አማርኛውን አውቀዋለሁ፣ ትርጉም ብሎ የጻፈው ጣሊያንኛ ነው ትምህርቴ። ጣሊያንኛው የመቶ ምናምን ዓመት ስለሆነ ያገኘሁትን ቃል ትሬካኒ በሚባለው የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ድረ ገጽ ላይ (ነፃ ነው) አሁንም ይባላል ወይ ብዬ አጣራለሁ። አድካሚ ነው፣ ግን በዚህ መንገድ የገባ ቃል አይወጣም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ግን ማንም አልነገረኝም። የቫቲካን ዜና በጣሊያንኛም በአማርኛም ይወጣል። ያንኑ ወሬ በሁለቱም ከፍቼ ጎን ለጎን አነባለሁ፣ ትርጉሙ ቃል በቃል ስላልሆነ እንደውም ይሻላል፣ የት ጋ እንደተለያዩ መፈለግ ራሱ ትምህርት ነው። እሁድ ደግሞ ጳጳሱ እኩለ ቀን ላይ ከመስኮት ብቅ ብለው በጣሊያንኛ ይናገራሉ፣ በኛ ሰዓት በጋና ክረምቱ እየተቀያየረ 7 ወይ 8 ሰዓት ላይ ነው። ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ አጭር። እማዬ መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆማ ሰማችና «አንቺ ልጅ፣ ካቶሊክ ሆንሽብኝ እንዴ?» አለች። ቋንቋ ነው ብላት አታምንም፣ አሁንም ሰዓቱ ሲደርስ ሆን ብላ የኛን መዝሙር ሳሎን ውስጥ ከፍ አድርጋ ትከፍታለች።

አባዬስ? አባዬ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ጣሊያንኛ አያውቅም፣ ግን መኪናውን በሙሉ በጣሊያንኛ ነው የሚፈታው። ፍሬቻ ማለት ፍላጻ ነው አልኩት፣ ካንዴላ ሻማ ነው፣ ፓራፋንጎ «ጭቃ ከልካይ» ነው፣ ፓራውልት ከግጭት የሚከልል ነው፣ ፖርቶ መጋላ «ፖርታባጋሊ» ነው፣ ሻንጣ ተሸካሚ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከሱ ጋራዥ ያገኘኋቸው «ፓራ» እና «ፖርታ» የሚሉት ሁለቱ ብቻ ስንት ቃል ከፈቱልኝ፣ ፓራካዱቴ (ፓራሹት)፣ ፓራብሬትሳ (የመኪና የፊት መስታወት)፣ ፖርታፎሊዮ (የኪስ ቦርሳ)፣ ፖርታቼኔሬ (የሲጋራ መተርኮሻ)። የነዳጁን ጋን ሳልባትዮ ሲለው ግን «ሰርባቶዮ ነው» ብዬ ላርመው ብል አልሆነም። አርባ ዓመት ሳልባትዮ እያለ ነው የፈታው የገጠመው፣ ደብተሬ ላይ ሁለቱንም ጻፍኳቸው።

መጽሐፍ ከተባለ አሁን ያለኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጣሊያንኛ ብቻ የተጻፈ የትምህርት መጽሐፍ ነው፣ እንደ አልማ ኤዲሲዮኒ ያሉት አሳታሚዎች የሚያወጡት ዓይነት። እንግሊዝኛ የለበትም፣ ተገላገልኩ። ራይፕሌይ (የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን የኢንተርኔት ገጽ) ላይ ካለው ቪዲዮ ብዙው ከጣሊያን ውጭ ለሚኖር ሰው ዝግ ስለሆነ ራዲዮውን ነው የምሰማው፣ ለዳታም ይሻላል። ክፍል ለሚፈልግ አዲስ አበባ ያለው የጣሊያን የባህል ተቋም ኮርስ ይሰጣል። ፈተናው አራት ዓይነት ነው፣ የሲዬናው ቺልስ፣ የፔሩጃው ቼሊ፣ የዳንቴ ማኅበሩ ፕሊዳ፣ የሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲው። እኔ ቺልስን መርጫለሁ፣ አንዱ ክፍል ላይ ብወድቅ እሱን ብቻ ደግሜ መፈተን እችላለሁ፣ መናገሩ ላይ እንደምወድቅ ከአሁኑ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ቺ» ጋ ደረስኩ። እንግሊዝኛው «እዛ» ማለት ነው ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ ስድስት የተለያየ ነገር ይደረድራል። «ቺ ፔንሶ» ሲል ምን እዛ አለ? ሦስት ቀን ፈዝዤ ቆይቼ ስራ ቦታ አለቃዬ ስለ ፈቃዴ ጠይቄው «ላስብበት» አለኝ። ላስብ-በት! «ቺ ክሬዶ» አምንበታለሁ፣ «ቺ ላቮሮ» እሠራበታለሁ፣ በት በት በት። ፈቃዱን እስካሁን አልሰጠኝም፣ እሱ ግን ምን እንደሰጠኝ አያውቅም።

«ኔ» ብቻ ነች እምቢ ያለችኝ። ስንት እህት አለሽ ሲሉኝ እኛ «ሦስት አለኝ» ብለን እንጨርሳለን፣ እነሱ «ኔ ኦ ትሬ» ይላሉ፣ ከነሱ ውስጥ እንደማለት። አማርኛዬ ውስጥ ቦታ ፈለግኩላት፣ የለም፣ እና ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ዛሬ ሃያ ዓረፍተ ነገር ሠርቼ አሥራ አንዱ ላይ ረሳኋት።