ማሙሽን ልመክር ሄጄ

እሁድ ሲመሽ ደስ አይለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ዛሬ ደግሞ ሰማዩ ዳምኖ ዳምኖ ሳይዘንብ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ቀን የሆነ ነገር ረስቼ ከቤት የወጣሁ ይመስለኛል። ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለ አንድ ፔሊካን ነበር።

ያየሁት ጣና ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን የሚያስጠጉበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ልጅ ቆሮሶ ይበልታል። ቢላዋውን ሆዱ ላይ ያስገባና አንዴ ወደ ላይ ይስባል፣ አንጀቱን በጣቱ ጠርጎ ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውራል። ፔሊካኑ ይቀልባል። የገረመኝ አቋቋሙ ነው። ያን የሚያህል ሐይቅ ከኋላው ተኝቶ እሱ ጀርባውን ሰጥቶታል፤ የሚያየው የልጁን እጅ ብቻ ነው። አንጀቱ ሲመጣ ይውጣል፤ ሲዘገይበት ሁለት እርምጃ ጠጋ ይላል። የኛ ዓሣ ተጠብሶ እስኪመጣ ድረስ ዓይኔን ከሱ መንቀል አልቻልኩም።

እዚያ የሄድኩት ግን ወፍ ላይ አይደለም። ታላቄ ልካኝ ነው።

ሐሙስ ማታ ደወለች። "አንቺን ይሰማል፣ እባክሽ ይሄን ልጅ ምከሪልኝ።" ማሙሽ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። እኛ አሁንም ማሙሽ እንለዋለን፤ ጓደኞቹ ፊት ስንጠራው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው አሉ የሚገባው። የባጃጅ ብሩን እዚያ ያደርግና በእግሩ እየኳተነ ሲመሽ ይመጣል። "አእምሮው ሳይነካ" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ መጥፎ በሽታ። "ቻይና እንኳ ከልክላለች ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ።"

አጣራሁት። ቻይና በፈረንጆቹ 2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ጌም የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓል ቀን፣ ያውም ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደንግጋለች። ታላቄ ደንቡን ብታገኘው በፍሬም አስገብታ ሳሎን ትሰቅለው ነበር። የባሏ ኪስ ግን ሁልጊዜ በቤቲንግ ቲኬት እንደተሞላ ነው። ሸሚዙ ሲታጠብ ቲኬቱ አብሮ ታጥቦ እንደ ንፍሮ ይወጣል። እሱን ምከሪልኝ ያለኝ ሰው የለም። (ይህን እዚህ መጻፌ ነገ ያጣላኝ ይሆናል። ይሁን።)

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ሰነድ ሳልይዝ አፌን አልከፍትም። ስለዚህ ዓርብ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባጸደቀውና ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ "የጌም ሕመም" የሚል አስገብቷል። ምልክቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መጀመሩንም ማቆሙንም መቆጣጠር ሲያቅት። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ሲቀድም። ሦስተኛ፣ ጉዳቱ እየታየ መቀጠል፣ ይባስ ብሎም መጨመር። ያም ሆኖ እንዲሁ ሁለት ሳምንት ስለተጫወቱ አይደለም። ትምህርትን፣ ሥራን ወይም ቤተሰብን በደንብ የሚያናጋ፣ አብዛኛውን ጊዜም ዓመት የዘለቀ መሆን አለበት።

ማሙሽን በሦስቱ መዘንኩት። አንደኛው ምናልባት። ሁለተኛው እንጃ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱን አልቀረም። ሦስተኛው፣ የሒሳብ ውጤቱ ወርዷል፤ ግን የሒሳብ ውጤቱ መቼ ከፍ ብሎ ያውቃል?

ይህን ሁሉ የማነበው በሁለት አንቀጽ መሃል አንድ ዙር ብሎክ እየደረደርኩ መሆኑን የነቃሁት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ለማያውቁ፦ እኔም እጫወታለሁ። ጌም ተጫዋች ሲባል ሰው የሚያስበው ማሙሽን የመሰለውን እንጂ፣ ነጠላ ለብሳ እድር የምትከፍል ሴትዮ አይደለም። ጨዋታዬ ቀለም ያላቸው ቁራጮች ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነው፤ መስመር ሲሞላ ይጠፋል፣ ቦታ ሲጠብ ትሸነፊያለሽ፣ ትጀምሪያለሽ። በቃ። ያስለመደኝም ማሙሽ ራሱ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁላችንም ስልካችንን ይዘን የቀረነው እንደ ባዶ ሰፌድ ነበር። ያኔ ልጆቹ ያላቸውን በዜንደር፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ስልክ በሚያሻግረው አፕ፣ ይለዋወጡ ነበር። ማሙሽም አዘነልኝና "እቴቴ፣ ይሄ ያለ ኮኔክሽን ይሠራል" ብሎ ላከልኝ። አመስግኜ ተውኩት። ጥቅምት ላይ እማዬ አረፈች።

የዚያን ጊዜ ለቅሶ እንዴት እንደነበር የኛ ከተማ ሰው ያውቀዋል። ሰዓት እላፊ ስለነበር ለቀስተኛው ሳይመሽ ብድግ ይላል። ድንኳኑ ውስጥ ባዶ አግዳሚ ወንበሮች ይቀራሉ። ቀን ቀን ሰው አለ፣ ቡና አለ፣ "እግዜር ያጥናሽ" አለ። ሌሊቱ ነበር ያስቸገረኝ። ዓይኔን ስከድን የሚመጣብኝ የመጨረሻዋ ሌሊት ነው፤ ኦክስጅኑ ውኃ ውስጥ እንደሚፈላ ነገር ሲንተከተክ፣ ጣቷ ላይ የተሰካችው ትንሽ ነገር ቀይ ስታበራ። በሰልስቱ ማታ ስልኬን ለባትሪ መብራቱ ስከፍት ጣቴ ስቶ ብሎኩን ነካው። አንድ ዙር ተጫወትኩ። ከዚያ ሌላ። ዓይኔን ስከድን ቀይዋ መብራት መጣች፤ ግን ከላዩ ላይ ቢጫ ቁራጮች ይወርዱበት ነበር።

የሐዘን ጊዜ ነውና ለማንም አልነገርኩም። እናቷ ሳትቀዘቅዝ ጌም ትጫወታለች ይባል?

ዓርብ ሌሊት ያነበብኩት ነገር ነው ይህን የቀሰቀሰብኝ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት ቴትሪስ ነው፤ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1984 ሞስኮ ውስጥ ሠራው። በ2009 ደግሞ ኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች ለጤነኛ ሰዎች የሚዘገንን ፊልም አሳዩና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገሚሶቹን አሥር ደቂቃ ቴትሪስ አጫወቷቸው። የተጫወቱት በቀጣዩ ሳምንት ፊልሙ ሳይጠሩት ድንገት ብልጭ የሚልባቸው ካልተጫወቱት ባነሰ ሁኔታ ሆነ። በ2017 ደግሞ በመኪና አደጋ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በገቡ 71 ሰዎች ላይ፣ አደጋው በደረሰ በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ሞከሩት፤ ያም ሠራ። ምክንያቱ፣ አእምሮ ምስል የሚይዝበት መደርደሪያ ጠባብ ስለሆነ ነው ይላሉ። ያየነው ነገር ገና ሳይጸና ያን ቦታ በሌላ ቅርጽ ካስያዝነው ምስሉ ሥር ለመስደድ ቦታ ያንሰዋል።

ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ። ማንም ሳያዝልኝ የወሰድኩት መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ግን የሂሳብ ሠራተኛዋ ተነሳችና ቆጠረች፦ የእነሱ አሥር ደቂቃ ነው። የኔ ሁለት ዓመት አልፎታል። የአንድ ቀን እንክብል ሁለት ዓመት ሲዋጥ ምን ይባላል?

ሦስቱን ምልክቶች ወደ ራሴ አዞርኳቸው። ሥራዬን አላጓደልኩም፤ የወር መዝጊያዬ አንድም ቀን አልዘገየም። ሽሮ ግን አሳርሬያለሁ። አንዴ ሁለቴ አይደለም። ባለፈው ሳምንት እሳቱን ለኩሼ "ይቺን ዙር ልጨርስ" አልኩ፤ የማውቀው ጭሱ ሳሎን ሲደርስ ነው። ድስቱን ፍቄ ፍቄ ቂጡ ላይ ጥቁር ካርታ ቀረ። እንደገና ሽሮ ከመሥራት ዳቦ በሻይ በላሁ፤ እየተጫወትኩ።

እማዬ ይህን ብታይ ትስቅ ነበር እንጂ አትቆጣም ነበር። እሷ ራሷ በልጅነቷ በገበጣ ተገርፋለች። አዴት ሳሉ፣ ከብት ሲጠብቁ፣ መሬት ላይ ሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ምሰው በጠጠር ሲጫወቱ ላሚቷ የሰው ጤፍ ውስጥ ገባች። አባቷ በአለንጋ ገረፏት። ታሪኩን በነገረችን ቁጥር መጨረሻው አንድ ነበር፦ "ግን ያንን ዙር ልበላ ነበር እኮ!" ሰባ ዓመት ሊሞላት ሲል እንኳ ያልጨረሰችው ዙር ያንገበግባት ነበር። ያኔ የበሽታ መዝገብ አልነበረ፣ አለንጋ ነበር።

ሌላም አነበብኩ። በ2022 የወጣ፣ እዚያው ኦክስፎርድ የተሠራ ነው። ወደ 39,000 የሚጠጉ ተጫዋቾች ሰዓታቸው ከጌም ኩባንያዎቹ መዝገብ ተወስዶ ታየ። ብዙ ሰዓት መጫወት በራሱ ስሜታቸውን ይሄ ነው በሚባል ደረጃ አላበላሸም፣ አላሻሻለምም። ይልቅ ልዩነት ያመጣው ሰውየው የሚጫወተው ፈልጎ ነው ወይስ የግዴታ ያህል ተጭኖት ነው የሚለው ነው። አጭር ጥያቄ ናት። ለማሙሽ ልጠይቀው ብዬ ያዝኳት።

ዛሬ ዓሣው መጣ፣ ዳጣው መጣ። ማሙሽ የአምስት ሰው እንጀራ ብቻውን ጨረሰ። ጉሮሮዬን ጠርጌ "ማሙሽዬ፣ ጨዋታው ላይ…" ስል፣

"እማ ነች አይደል?" አለኝ።

ልዋሽ አልቻልኩም።

"የባጃጁን ብር ይበላል ብላሽ ይሆናል። እቴቴ፣ እዚያ እኮ ተሸናፊ ነው የሚከፍለው። እኔ ከከፈልኩ ቆየሁ።" ኩራቱ! ሳቄ መጣ። ብሩን ምን አደረግከው ስለው፣ ለተሸናፊ ጓደኛው ያበድራል። ባንክ ሆኗል ልጁ። "ፈልገህ ነው የምትጫወተው ወይስ ግድ ሆኖብህ?" አልኩት፣ ያቺን ኦክስፎርዷን። ትንሽ አሰበና፣ "እኔንጃ። ስምንት እንሆናለን። አንዱ ሲጫወት ሰባታችን እንጮሃለን። ቤት ሄጄስ ምን አለ?" አለ። ቤት ያለውን አውቀዋለሁ። ዝም አልኩ።

በዝምታው መሃል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ባንዲራ የመሰለ ነገር አውጥቶ "ናፍቀሽናል፣ የዛሬው ሽልማትሽ ይጠብቅሻል" የሚል። ማሙሽ እጁ በዳጣ እንደተለወሰ አንገቱን አሰገገ።

"ይሄን እስካሁን አላጠፋሽውም?"

ከዚያ ነጥቤን አየ። ዓይኑ ፈጠጠ። በሕይወቴ ማንም በዚያ ዓይነት አክብሮት አይቶኝ አያውቅም፤ ዲግሪ ስይዝ ራሱ። ግን ወዲያው ፊቱ ተለወጠና ቀስ ብሎ፣ እናቱ ሐሙስ ማታ ባወራችበት በዚያው ድምፅ፣

"ብቻሽን ነው የምትጫወቺው?" አለኝ።

"ታዲያ ከማን ጋር?"

"አይ፣ ዝም ብዬ ነው።" አጥንቱን ለቀመ፣ ለቀመና፣ "ማስታወቂያ አያስቸግርሽም?" አለ። ያስቸግረኛል። በየዙሩ መሃል ሠላሳ ሰከንድ፤ መዝጊያዋ ምልክት ደግሞ የቅንጣት ታህል ነች፣ ስስታት ሌላ ቦታ ይወስደኛል። "ዳታሽን አጥፊያ! ያን ጊዜ አልነበረውም እኮ።"

አሥራ ሦስት ዓመት ሂሳብ ሠርቻለሁ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ማስታወቂያው አብሮ እንደመጣ አይቻለሁ። ሁለቱን ደምሬ አላውቅም።

ባጃጅ አሳፍሬው ተመለስኩ። ልጁን አልመከርኩትም። ዓሣ አብልቼው ተመክሬ መጣሁ። ታላቄን ምን እላታለሁ? ልጅሽ ደህና ነው ብላት እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ስምንት ሆነው የሚጮሁበት ቤት ይሻላል፣ ወይስ ነጠላ ለብሶ ሽሮ የሚያሳርርበት?

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሞከርኩት። ዳታውን አጠፋሁ። እውነቱን ነው፤ አንድም ማስታወቂያ የለም። ዙሩ ሲያልቅ ወዲያው ሌላው ይጀምራል። ስልኩ ልክ እንደዚያን ሰሞን ጭጭ አለ። አራት ዙር ተጫወትኩና አምስተኛው ላይ ቁራጮቹን ትቼ ዝምታውን ሳዳምጥ ተሸነፍኩ።

ታላቄ እስካሁን በቴሌግራም "መከርሽው?" ብላ ጽፋልኝ ይሆናል። ዳታው ዝግ ስለሆነ አይገባም። ይህን ለመለጠፍ ግን መክፈቴ አይቀርም። አንድ ዙር ልጫወትና።