ሦስት ሬንጅፋይንደር ይዞ ሐረር

ድሬዳዋ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ። ከመንገዱ የማስታውሰው ጭኔ ላይ የነበረውን የቦርሳ ክብደት ብቻ ነው። ለሁለት ቀን ሦስት ሬንጅፋይንደር (መመልከቻው ከሌንሱ የተለየ የፊልም ካሜራ) ትርፍ ነው ያላችሁ ልክ ናችሁ፤ አንዱን እንኳ የትኛውን ልተው እንደነበር ግን እስካሁን አላውቅም።

የጀጎል ስርቻዎች ክንድ ሲዘረጋ ግድግዳ ይነካባቸዋል። እዚህ የሚሆነው ላይካ ኤም 6 በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። መመልከቻው ነገሩን ወደ 0.72 አሳንሶ ስለሚያሳይ ከፍሬሙ (ፎቶው የሚይዘውን ከሚከልለው መስመር) ውጪ የሚመጣው ሰው ቀድሞ ይታያል፤ አህያውም። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አጥብቤ የፎከሱን ርቀት 3 ሜትር ላይ ተውኩት፤ ከ2 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ፎከስ መፈለግ ቀረ። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ «አነሳኸኝ እንዴ? ድምፅ የለውም እኮ!» አሉና ሻይ አዘዙልኝ። መርካቶ ቢሆን ከሻይ በፊት ጥያቄ ይቀድም ነበር።

ለቅርብ የፊት ፎቶ ኤም 3ን በ90 ሚሊ ሜትር አወጣሁ። መመልከቻው 0.91 ነው፤ ሁለቱን ዓይን ከፍቶ ማንሳት ይቻላል፣ ፎከሱም ከኤም 6 ይበልጥ ትክክል ነው። ለ35 ግን ፍሬም የለውም፤ የብርሃን መለኪያም የለውም። የሚታየው በሌንሱ በኩል ስላልሆነ ክዳኑን ሳላነሳ 11 ፖዝ አቃጠልኩ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ክዳን የሌለውን ሌንስ ወደ ፀሐይ አዙሮ አንገት ላይ ማንጠልጠል ነው፤ ከሌንሱ ኋላ የሚጋርድ መስታወት ስለሌለው ጨረሩ በቀጥታ የጨርቅ ሹተሩን (ፊልሙን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መጋረጃ) ይበሳል።

ቀትር ላይ ሻሽ የሴቶቹን ፊት ሲያጠላ ሁለቱም ላይካዎች አይረዱም። ፍላሽ የሚቀበሉት ሹተሩ እስከ 1/50 ሰከንድ ሲሆን ብቻ ነው፤ በአይሶ 400 (ለብርሃን ፈጣን በሆነ) ፊልም ፀሐይ ላይ ፎቶው ነጭ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ርካሹ ካኖኔት ጂ 3 ግን ሹተሩ ሌንሱ ውስጥ ስላለ በ1/500 ይቀበላል፦ ኤፍ 16፣ 2 ሜትር ተኩል፣ ፍላሹ በአይሶ 100 የኃይል ቁጥሩ (ጋይድ ነምበሩ) 20 የሆነ። ባትሪው ላይ ተጠንቀቁ። የብርሃን መለኪያው የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ 1.5 ከገባ ልኬቱ ብርሃኑን አብዝቶ ያነባል፣ ፎቶው ይጨልማል። ባትሪውን አውጥቼ ቀዳዳውንና ፍጥነቱን በእጅ እየመረጥኩ ሠራሁበት።

ማታ ለጅቦቹ ባጃጅ ያዝኩ። መሄጃው 100 ብር፣ መመለሻው «ጨለማ ነው» ተብሎ 400! በጨለማ የፎከሱ ቢጫ ምልክት አይታይም፤ ርቀቱን በእርምጃ ለክቼ ተቀመጥኩ። ፍላሹ ካሜራው ላይ ከተቀመጠ የጅቡ ዓይን አምፖል ይመስላል፤ በገመድ ወደ ጎን ማራቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ እጅ ስላልነበረኝ ባለባጃጁን «ወንድሜ፣ እስቲ ያዝልኝ» አልኩት። ያዘ፤ ግን ጅቡ በተጠጋ ቁጥር ክንዱ ስለሚያጥር፣ ጥላው በየፖዙ ሌላ ቦታ ላይ ነው።