ቢግሆርን ወንዝ ላይ ትራውት ስናጠምድ፦ ከጋይድ ጋር ወጥተን የተማርነው

ከዴንቨር ተነስቶ ዋዮሚንግን አቋርጦ ሞንታና፣ ፎርት ስሚዝ ለመድረስ ስምንት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። ኮሎራዶ ውስጥ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ያለበት ወንዝ ሞልቶ ሳለ ይህን ሁሉ መንገድ የነዳነው ለቢግሆርን ስንል ነው። 160 ሜትር ከፍታ ያለው የየሎውቴይል ግድብ ውሃውን የሚለቀው ከሐይቁ ጥልቅ ቦታ ስለሆነ፣ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ በሰመር እንኳ ቀዝቃዛ ነው። ትራውት ደግሞ ውሃ ሲሞቅበት አይሆንለትም።

ግድቡ የተሰየመው ክሮው በሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መሪ በሮበርት የሎውቴይል ነው። እሳቸው ግን ግድቡ እንዳይሠራ አጥብቀው የታገሉ ሰው ናቸው! ወንዙ ለክሮው ሕዝብ በተከለለው መሬት (ሪዘርቬሽን) ውስጥ ስለሚያልፍ፣ የውጭ ሰው እንዲያጠምድ የሚፈቅደው ማነው የሚለው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የወንዙ ወለል የሞንታና ግዛት ነው ተብሎ ተፈረደ። ዳርቻው ግን የወንዙ አካል አይደለም፤ ከጀልባ ወርዳችሁ ሽቅብ ወደ ሰው መሬት እንዳትወጡ።

አብረውኝ የሄዱት የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ያደጉት ባሌ ነው። ዲንሾ በኩል የሚያልፈው ወብ ወንዝ ውስጥ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት ስላለ፣ ፈረንጅ ዘንግ ሲወዘውዝ ማየት ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ለእኔ ነው።

ዋጋውን ላስቀድም። ጋይድ፣ ማለትም እየመራ የሚያስጠምድ ሰው፣ ከነጀልባው ለሁለት ሰው፣ ለአንድ ቀን ከ600 ዶላር በላይ ነው። ቲፑ ሃያ በመቶ ገደማ ሲሆን የሎጁ አልጋና ምግብ ለብቻው ይታሰባል። የሞንታና ፈቃድ በኦንላይን ይገዛል፤ እሱን ቀድማችሁ ጨርሱት። ዘንጉን፣ መንጠቆውንና ምሳውን ብዙ ጊዜ ጋይዱ ስለሚያመጣ፣ ወደ ስፖርት ሱቅ ሮጣችሁ ገንዘባችሁን አትበትኑ። ፖላራይዝድ መነጽር ግን የግድ ነው፤ ያለሱ የውሃው ነጸብራቅ እንጂ ዓሣው አይታይም።

ጋይዳችን ወጣት ሴት ናት። ዘንግ ከማስያዟ በፊት ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ አንስታ ገለበጠችልን። ሥሩ ላይ ብዙ እግር ያላቸው፣ ጥፍር የማያክሉ ግራጫ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ሳው በግ ይባላሉ። ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ ቁርጥ እነሱን የመሰለ፣ በክርና በጸጉር የተጠመጠመ መንጠቆ አሳየችን። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄን በእጅሽ ነው የሠራሽው?» አሏት። ተረጎምኩላት። ክረምቱን ሙሉ ስትቋጥር እንደምትከርም ነገረችን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፍላይ ፊሺንግ (እንዲህ ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ ማጥመድ) ሲባል ሰው የሚያስበው ክሩን በአየር ላይ ማስረዘሙን ነው። ከጀልባ ስታጠምዱ ግን ለእሱ ብዙም ቦታ የለውም። ጨዋታው መንጠቆው ከምንም ነገር ጋር እንዳልታሰረ ሆኖ ከውሃው እኩል መሄዱ ላይ ነው። በጀልባውና በመንጠቆው መካከል ፈጣን ውሃ ካለ ክሩን ቀስት አድርጎ ይጎትተዋል፤ የተጎተተ ነፍሳት ደግሞ ትራውት ዞር ብሎም አያየውም። ስለዚህ መንጠቆው ገና ከመውረዱ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ክሩን ወደ ወንዙ ላይኛው አቅጣጫ መልሳችሁ ታስተኙታላችሁ። ሜንድ የሚሉት ይህን ነው። ጋይዳችን ቀኑን ሙሉ የደጋገመችው ቃል እሱ ስለነበር ማታ ሎጅ ገብተን ጋሼ ሻዩን ሲያማስሉ «ሜንድ!» እያሉ ያስቁኝ ነበር።

ክሩ ላይ ታስራ ከላይ የምትንሳፈፈው ብርቱካናማ ኳስ ለአፍታ እንኳ ከዘገየች ወዲያው ሳቡ። ዓሣው ነው ወይስ ሳር ነው ብላችሁ ስታስቡ ይተፋዋል። ትልቅ ከሆነና ከሮጠ ደግሞ እጃችሁን ከማጠንጠኛው አንሱ፤ የጫፉ ክር ሁለት ኪሎ ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። ጋሼ ይህን ቶሎ ገባቸው። እኔ ስታገል እሳቸው «ተወው፣ ይሂድ፣ ራሱ ይመጣል» እያሉ ቆመው ብራውን የሚባለውን የትራውት ዓይነት መረብ ውስጥ አስገቡት። ወርቃማ ጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ነበረው።

ጋይዷ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ ያዘችው። በደረቅ እጅ ከተያዘ ከበሽታ የሚከላከልለት የሚያሙለጨልጭ ሽፋኑ ይላጣል። መንጠቆውን ነቅላ ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙራ ለቀቀችው። ያገሬ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ እኔም ትንሽ ቅር አለኝ። ጋሼ ግን ዐቢይ ጾም ላይ ስለነበሩ «ድሮስ ልንበላው ነበር እንዴ?» ብለው ገላገሉኝ። ሎጁ ውስጥም ስለ ጾሙ ቀድሜ ስልክ ደውዬ ስለነገርኳቸው ባቄላና ሩዝ አዘጋጅተው ጠበቁን። ጾመኛ ከሆናችሁ ቦታ ስትይዙ ተናገሩ፤ ቅቤ የማይገባበት ምግብ እዚያ ብርቅ ነው።

ሚያዝያ ላይ ከሄዳችሁ ሬይንቦው ትራውት እንቁላል የሚጥልበት ወቅት ነው። የወንዙ ወለል ላይ ከዙሪያው ነጣ ብሎ የተጠረገ ጠጠር ካያችሁ ጎጆው እሱ ነውና ዙሩት። እዚያ ላይ የተኛውን ዓሣ ማጥመድም ነውር ነው፤ ጋይዳችን በዚያ ስናልፍ መቅዘፏን ሳታቆም ዘንጋችንን አስነሳችን።