«በሽታው መድኃኒቱን ተላምዷል» ከመባሉ በፊት

ታካሚዋ የ12 ዓመት ልጅ ናት። በሽታዋ አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ነው፤ የቢ ሴል ዓይነት። የመጀመሪያውን የ4 ሳምንት ሕክምና በቪንክሪስቲን፣ በስቴሮይድ፣ በዳውኖሩቢሲንና በፔግአስፓርጌዝ (አስፓራጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም አንዱ ዓይነት) ስትጨርስ መቅኔዋ በማይክሮስኮፕ ንጹሕ ነበር። ንጹሕ ሲባል ግን ከ100 ሴል የካንሰሩ ከ5 በታች ነው ለማለት ያህል ብቻ ነው። ከ10,000 ሴል አንዱን ለይቶ የሚያወጣው ፍሎው ሳይቶሜትሪ የተባለው ምርመራ ግን 0.04% ቀሪ በሽታ አገኘ። ሁለተኛው ምዕራፍ ያጠራዋል ተብሎ ተጠበቀ። በ12ኛው ሳምንት ሲለካ 0.15% ሆኖ መጣ። በዚህ ሳምንት ከ0.1% በላይ የሆነ ታካሚ በብዙ የሕክምና መመሪያዎች በሽታው የመመለስ አደጋው ከፍተኛ ከሆነው ቡድን ይመደባል።

የክፍሉ ስብሰባ ላይ ሐሳቡ ቶሎ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ፦ ሴሉ መድኃኒቱን ተላምዷል፣ ኬሞቴራፒው ይጠንክር፣ ለመቅኔ ንቅለ ተከላ እህት ወንድሞቿ ይመርመሩ። ከወረቀቱ ጀርባ የመድኃኒት አሰጣጥ መዝገቡን ሲያገላብጥ የቆየው ፋርማሲስት ግን አንድ ነገር ጠየቀ።

«ዶክተር፣ ሁለተኛው የአስፓራጂኔዝ ዶዝ መሥራቱን በምን አወቅን?»

«አለርጂ አልታየባትም። በደንብ ነው የተቀበለችው።»

ይህ መልስ በየክፍሉ ይሰማል፤ ጥያቄውን ግን አይመልስም። አለርጂ አለመታየቱና መድኃኒቱ መሥራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጤነኛ ሴል አስፓራጂን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ራሱ ይሠራል። አብዛኛው የሊምፎብላስት ሴል፣ ማለትም የዚህ ካንሰር ሴል፣ ግን ይህን የሚሠራበት ኢንዛይም ስለሚያንሰው ከደም እየወሰደ ነው የሚኖረው። አስፓራጂኔዝ በደም ውስጥ ያለውን አስፓራጂን ሰባብሮ ይጨርሰዋል፤ ሴሉ ተርቦ ይሞታል። መድኃኒቱ የሚሠራው ሴሉ ውስጥ ገብቶ ሳይሆን ደም ውስጥ ሆኖ ስለሆነ መሥራት አለመሥራቱን ከደም ናሙና መለካት ይቻላል። ከኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ይህን ዕድል የሚሰጡት ጥቂት ናቸው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ማባከን ያሳዝናል። በቂ የሚባለው የአስፓራጂኔዝ ልክ በ1 ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.1 ዩኒት ነው። በ1 ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 2,500 ዩኒት የተሰጠ ፔግአስፓርጌዝ እንደሚገባው ከሠራ፣ በ7ኛው ቀን ከዚህ ልክ በብዙ ይበልጣል።

ችግሩ አስፓራጂኔዝ ከባክቴሪያ፣ ከኢ. ኮላይ፣ የተገኘ ፕሮቲን መሆኑ ነው። ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። የመጀመሪያው ዶዝ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልፋል፤ ሳምንታት ቆይቶ ሁለተኛው ሲገባ የሰለጠነ መከላከያ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ ታካሚ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ሌላው ምንም ምልክት ሳያሳይ ፀረ እንግዳ አካሉ መድኃኒቱን ይዞ በፍጥነት ከደም ያስወግደዋል። ይህኛው ድምፅ አልባ መክሸፍ ነው። ታካሚው ዶዙን ወስዷል፣ መዝገቡ ተፈርሟል፣ ደሙ ውስጥ ግን መድኃኒት የለም።

በዚህች ልጅ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር። ሁለተኛው ዶዝ ከመሰጠቱ 30 ደቂቃ በፊት አለርጂን የሚያስታግሱት ክሎርፌኒራሚንና ሃይድሮኮርቲዞን ተሰጥቷታል። ነርሷ ያደረገችው ለልጅቷ በማሰብ ነው፤ ከአለርጂም ጠብቃት ሊሆን ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች ግን የሚሸፍኑት ምልክቱን እንጂ ፀረ እንግዳ አካሉን አይደለም። ሽፍታው ቢወጣ ኖሮ ሁሉም ሰው ወዲያው ያውቅ ነበር። ቅድመ መድኃኒት መስጠት ስህተት አይደለም፤ ሰጥቶ የኢንዛይሙን መጠን አለመለካት ነው ስህተቱ።

ፍንጩ መዝገቡ ውስጥ ሳይነበብ ተቀምጦ ነበር። አስፓራጂኔዝ ሲሠራ ጉበት ፕሮቲን የመሥራት አቅሙ ስለሚቀንስ አልቡሚንና ፋይብሪኖጅን የተባሉት የደም ፕሮቲኖች ይወርዳሉ። ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ የልጅቷ አልቡሚን ከ3.9 ወደ 2.6 ግራም በዴሲ ሊትር፣ ፋይብሪኖጅኗ ከ280 ወደ 95 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወርዶ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ አልቡሚኑ 4.0 እና 3.9፣ ፋይብሪኖጅኑም 260 አካባቢ ሳይነቃነቅ ቆየ። በጊዜው ውጤቱን ያዩ ሁሉ ደስ ብሏቸው አለፉ፤ ጉበቷ በረታ ተባለ። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ስቴሮይድና ኢንፌክሽንም እነዚህን ቁጥሮች ያንቀሳቅሳሉ። ለመጠርጠር ግን በቂ ነው።

ላብራቶሪው ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ በ7ኛው ቀን ለጉበት ምርመራ ከተወሰደው ደም የተረፈውን ሴረም በጥልቅ ማቀዝቀዣ አስቀምጦት ነበር። በውስጡ ያለው አስፓራጂኔዝ ሲለካ መሣሪያው ሊያነበው ከሚችለው ዝቅተኛ መጠን በታች ሆነ። ያ ዶዝ በተግባር እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

በዚሁ ፍተሻ ሌላም ነገር ወጣ። የ4ኛው ሳምንት 0.04% የተለካው ከየትኛው ናሙና ነው? መቅኔ ሲቀዳ የመጀመሪያው ስሪንጅ፣ ያውም የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር፣ ነው እውነተኛው መቅኔ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከደም ሥር ደም ጋር እየተቀላቀለ ይቀጥናል። በዚያን ቀን የመጀመሪያው ስሪንጅ ለስላይድና ለክሮሞዞም ምርመራ ሄዶ፣ ለፍሎው የተላከው አራተኛው ነበር። ስለዚህ 0.04% ከእውነቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ «ወርዶ ነበር፣ ተመልሶ ወጣ» የሚለው ትረካ ራሱ በቀጠነ ናሙና ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የቀሪ በሽታ ናሙና ቅድሚያ ማግኘት አለበት፤ ቱቦው ላይም ስንተኛው ስሪንጅ እንደሆነ ይጻፍበት።

ቀጣዮቹ ዶዞች ወደ ኤርዊኒያ አስፓራጂኔዝ ተቀየሩ። የሚገኘው ከሌላ ባክቴሪያ ስለሆነ የኢ. ኮላይን ኢንዛይም የያዘው ፀረ እንግዳ አካል በአብዛኛው አይነካውም። ከደም ቶሎ ስለሚወጣ ግን አንዱ የፔግአስፓርጌዝ ዶዝ በ6 መርፌ ይተካል፦ በ1 ካሬ ሜትር 25,000 ዩኒት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ2 ሳምንት። ልኬቱ የሚወሰደው ቀጣዩ መርፌ ሊሰጥ ሲል ነው፤ በተለይ ክፍተቱ 3 ቀን ከሚሆንበት ከቅዳሜና እሁድ በኋላ ያለው ናሙና እንዳያመልጥ። የልጅቷ ልኬት ከ0.1 በላይ ሆኖ ቆየ፣ አልቡሚኗ ወረደ፣ በሚቀጥለው መቅኔ ቀሪ በሽታው ከ0.01% በታች ሆነ። ሌሎች መድኃኒቶችም አብረው ተሰጥተዋልና ውጤቱን ለኤርዊኒያ ብቻ መስጠት አይቻልም። የንቅለ ተከላው ጉዳይ ግን ለጊዜው ቆመ።

መድኃኒት ሴሉ ጋ ሳይደርስ የሚቀርበት ሌላም መንገድ አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል ሲወስድ የጉበት ኢንዛይሞቹ ይነቃቃሉ፤ አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ቶሎ ተሰባብረው ይወጣሉ። ሕክምናው ሁለት ዓመት ሲፈጅ ልጅ ያድጋል፤ የሰውነት ስፋቱ ዳግም ካልተሰላ ዶዙ ከቁመቱ ኋላ ይቀራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቁመት በሴንቲ ሜትር በክብደት በኪሎ ግራም ተባዝቶ ለ3,600 ይካፈላል፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ይወጣለታል። ቤት ውስጥ የሚዋጠው መርካፕቶፑሪን ደግሞ የራሱ ምስክር አለው። ከመድኃኒቱ የሚወጡት ሁለቱ ውጤቶች፣ ቲዮጓኒንና የሜቲል ውጤቱ፣ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ይለካሉ። ሁለቱም ዝቅተኛ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ክኒኑ አልተዋጠም። ቲዮጓኒኑ ዝቅተኛ ሆኖ የሜቲሉ በጣም ከፍ ካለ ልጁ ይውጣል፣ ሰውነቱ ግን ወደማይፈለገው መንገድ ይመራዋል። በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ ዶዙን መጨመር ጉበት ከመጉዳት ሌላ ፋይዳው ትንሽ ነው። የመጀመሪያው፣ ክኒኑ ያልተዋጠበት፣ ሲያጋጥም ወላጅን መውቀስ አይረዳም፤ ማን እንደሚሰጥ፣ በስንት ሰዓት፣ ልጁ ሲያስመልሰው ምን እንደሚደረግ አብሮ ቁጭ ብሎ ማየት ነው የሚረዳው።

እውነተኛ መላመድ የለም ማለት አይደለም። በዚያው ክፍል ተኝቶ የነበረ የ17 ዓመት ወጣት በ7ኛው ቀን የኢንዛይሙ ልኬት 0.7 ነበር፤ አልቡሚኑም ወርዷል። መድኃኒቱ ደርሷል። ቀሪ በሽታው ግን 1.8% ሆኖ መጣ። የክሮሞዞም ምርመራው ምክንያቱን አሳየ፤ የካንሰሩ ሴል በ46 ፈንታ 36 ክሮሞዞም ብቻ ነበረው፣ ቲፒ53 የተባለው ጂንም ተበላሽቷል። አብዛኛው ኬሞቴራፒ የሴሉን ዲኤንኤ ይጎዳል እንጂ ሴሉን በቀጥታ አይገድልም፤ ጉዳቱን አይቶ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዘው ቲፒ53 ነው። እሱ ከሌለ ሴሉ ቆስሎም መከፋፈሉን ይቀጥላል። እዚህ ላይ ያንኑ መድኃኒት ማጠንከር ልብን፣ ጉበትንና ጤነኛውን መቅኔ ይጎዳል እንጂ ሩቅ አይወስድም። ለወጣቱ የታሰበው ብሊናቱሞማብ ነው፦ የሰውነት መከላከያ የሆነውን ቲ ሴል፣ ሲዲ19 የተባለውን ምልክት ከተሸከመው የካንሰር ሴል ጋር የሚያገናኝ፣ ለ28 ቀናት ያለማቋረጥ በደም ሥር የሚንጠባጠብ፣ በኬሞቴራፒው መንገድ የማይሄድ መድኃኒት። ከዚያ ንቅለ ተከላ።

ለጋሽ ሊሆን የቀረበው ታናሽ ወንድሙ ነበር። እንዲህ ያለው የቲፒ53 ጉድለት በልጆችና በወጣቶች ላይ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ የተወረሰ ነው፤ ወንድሙም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከመቅኔ ተዛምዶው ምርመራ ጎን ለጎን የወጣቱ ጤነኛ ሴል ከቆዳው ተወስዶ ለዚሁ ጂን ተላከ፤ የወንድሙም ደም እንዲሁ። ውጤቱ እስኪመጣ የለጋሽነቱ ቅጽ አልተፈረመም።