ለጸሎታችን መልስ የሆነው ብስክሌት

የጌታ ስም የተባረከ ይሁን! በህብረታችን ሁለት ዓመት ሙሉ «ጉልበቷን ፈውስልን» እያልን የጸለይንላት የረጅም ርቀት ሯጭ እህታችን ዛሬ የጎዳና ላይ ሩጫ ታዘጋጃለች። ጉልበቷ ለውድድር አልተመለሰም። ጌታ ግን ሌላ በር ከፈተላት፤ እንዴት እንደከፈተው በዝርዝር ካልጻፍን ምስክርነቱ ጎዶሎ ይሆንብናል።

በሩ ብስክሌት ነው፤ እህታችን በእሱ የሩጫ መስመር መለካት ጀመረች። የጎዳና ውድድር ርቀት በመኪና ወይም በስልክ አይለካም። የብስክሌቱ የፊት ጎማ ላይ ጆንስ ካውንተር የምትባል ትንሽ ቆጣሪ ትገጠማለች። መጀመሪያ በብረት ሜትር የተለካ፣ ከ300 ሜትር የማያንስ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አራት ጊዜ እየነዱ ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደምትቆጥር ያሰላሉ። ከልኬቱ በኋላም አራት ጊዜ ይደገማል። ፀሐይ ስትበረታ ጎማው ይወጠራልና የንጋቱ ስሌት ለረፋዱ አይሠራም።

ጀማሪ የሚሳሳተው ኩርባ ላይ ነው። እንደ መኪና ቀኙን ይዞ ይዞራል፤ ሯጭ ግን ኩርባውን ቆርጦ ያልፋል። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር የተባለው ያጥራል፣ የአትሌቱም ሰዓት ለክብረ ወሰን ሳይያዝ ይቀራል። ልኬቱ ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ በአጭሩ መስመር መሄድ አለበት። እህታችን ይህን ለመማር አልተቸገረችም፤ እግሯ ያንን መስመር ለዓመታት ያውቀዋል። ለጥንቃቄ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመራል፤ ለ10 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ማለት ነው። መነሻው ላይ የሚቀባው ቀለም ይጠፋል፣ ስለዚህ አስፋልቱ ውስጥ ሚስማር ይመታል። የመጀመሪያዋን ሚስማር ተንበርክካ ስትመታ ያየን ሁሉ አለቀስን፤ ያ የጸለይንለት ጉልበት ነበር መሬት የነካው።

ከልኬት ወደ መስመር ኃላፊነት፣ ከዚያም ወደ አዘጋጅነት ከፍ አለች። ውሃ የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው እሷ ናት፦ ሩጫው ከ10 ኪሎ ሜትር ሲበልጥ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ 10 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ሙቀት ካለ በየ2 ወይም 3 ኪሎ ሜትሩ። ሁሉም ውሃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተከመረ ሯጮች ይጋጫሉ፤ እሷ ጠረጴዛዎቹን ታራርቃቸዋለች።

ስንጸልይ ደጋግመን የምናነሳት ደራርቱ ቱሉን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው አትሌት በ2018 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን መምራት ጀመረች። «ለእሷ የከፈትክ ጌታ ለእህታችንም ክፈት» አልነው፤ ሰማን።

አሁን ከፊቷ የዓለም አቀፍ ለኪነት ፈቃድ አለ። ጸልዩላት።