ብርዱ አለፈ ሲባል የመጣ ውርጭ፦ ጓሮዬን እንዴት እንዳተረፍኩ

ጸደይ ገብቶ፣ ቀኑ ሞቆ፣ ችግኙ ሁሉ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ውርጭ ከሁሉም የከፋ ነው። በብርዱ ወራት ተክሎች ራሳቸውን አዘጋጅተው ይቆያሉ። አሁን ግን ቅጠሉ ለጋ ነው፣ አበባው ተከፍቷል፣ ግንዱ በውሃ ተሞልቷል። አንድ ሌሊት ብቻ የወራት ልፋት ሊያጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳይ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። በማርች መጨረሻ የመጣው ሙቀት ወይኑን ቀድሞ አስነቃው። በኤፕሪል መጀመሪያ ውርጩ ደረሰ። ገበሬዎቹ በተክሎቹ መካከል እሳትና ሻማ ሲያነዱ አደሩ፤ ብዙዎቹ ግን ሰብላቸውን ማዳን አልቻሉም።

የእኔ ትንሽ ጓሮ ናት። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒ፣ በሶብላ፣ ድንች፣ ጥቂት ጎመንና ሽንኩርት፣ ከዚያ አንድ ትልቅ የፖም ዛፍና ግድግዳ ስር የቆመ ትንሽ የኮክ ዛፍ። ትንበያው "ዛሬ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት፣ ዝቅተኛው ሙቀት 2 ዲግሪ" ሲል ሰማሁ። ከዜሮ በላይ ነው፣ ምን ያስፈራል ትሉ ይሆናል። የሚያስፈራው ቁጥሩ የሚለካበት ቦታ ነው። የአየር ትንበያ ሙቀት የሚለካው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ችግኙ ያለው ግን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ነው። በጠራና በረጋ ሌሊት እዚያ ታች ያለው አየር ከላይኛው በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። አንድ ቴርሞሜትር መደቡ ላይ፣ ሌላ ደግሞ በቁመቴ ልክ ሰቅዬ ስለማነጻጽር ልዩነቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ካለና ነፋስ ከሌለ፣ ትንበያው 4 ዲግሪም ቢል እዘጋጃለሁ።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው አንድ ነገር ከመረዳት ነው። አፈር ቀን ከፀሐይ የወሰደውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከዚያ ሙቀት ብዙውን ወደ ታች ይመልሰዋል። ነፋስ ካለ ደግሞ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቃል። ሁለቱም ከሌሉ ሙቀቱ ዝም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ተክሉን የምናሞቅበት ነገር ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ሙቀቱ እግራችን ስር፣ አፈሩ ውስጥ አለ። ሥራው እሱን ማብዛትና እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ያን ቀን ያደረግኩት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ረፋድ ላይ መደቦቹን በደንብ አጠጣሁ። ቅጠሉን አላረጠብኩም፤ አፈሩን ብቻ። ደረቅ አፈር ውስጡ አየር ስለሚበዛ ሙቀት አይዝም። እርጥብ አፈር ግን ቀን ብዙ ሙቀት ያጠራቅማል፣ ሌሊትም ከታች ወደ ላይ ቶሎ ያደርሰዋል። ቀጥሎ በቲማቲሙና በቃሪያው ረድፍ መካከል የነበረውን የገለባ ጉዝጓዝ ጠርጌ ወደ ዳር አደረግኩ። ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል። ጉዝጓዝ ይሸፍናል፣ ያሞቃል ብለን ስለምናስብ ነው። የሚያሞቀው ግን ከስሩ ያለውን አፈር ነው። ቀን ፀሐይዋ አፈሩን እንዳታገኘው፣ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱ ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ያግዳል። ተክሉ ገና ጭራሽ ትንሽ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ገለባውን ከላዩ ላልቶ ቢከመርበትና ጠዋት ቢነሳለት አንድ ሌሊት ያሳልፈዋል።

ከዚያ ማንን ልሸፍን የሚለው መጣ። ጨርቅ ሁልጊዜ ያንሳል፤ ለሁሉም ለማዳረስ የሚሞክር ሰው ሁሉንም በግማሹ ይሸፍናል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አተር፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን ቀላል ውርጭ ይችላሉ። እነሱን እንዳሉ ተውኳቸው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ኪያር፣ ዝኩኒ፣ ፎሶሊያና በሶብላ ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያልቅላቸዋል፤ ቅድሚያ የሰጠሁት ለእነሱ ነው። ድንቹ መሀል ላይ ነው። ቡቃያው ውርጭ ሲመታው ይጠቁራል፣ ግን አፈር ውስጥ ካለው ፍሬ እንደገና ያቆጠቁጣል። ያም ቢሆን መዘግየቱን ስላልፈለግኩ በመኮትኮቻ ከግራና ከቀኝ አፈር ሳብ እያደረግኩ ቡቃያውን ሙሉ በሙሉ ቀበርኩት። ከዚህ የተሻለ ሽፋን የለም። ድንች ላይ አፈር ማስታቀፍ መቼም የማይቀር ሥራ ነው፤ ትንሽ ቀደም አለ እንጂ።

ስለ ቦታም ልናገር። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ተዳፋት ካገኘ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። የእኔ ጓሮ ትንሽ ያዘቀዝቃል፤ ጫፉ ላይ ድፍን አጥር አለ። አየሩ እዚያ ሲደርስ መውጫ ያጣና ይከማቻል። ታች ያለው ሰላጣ ጠርዙ ሲቃጠል ላይኛው መደብ ምንም ሳይሆን ሲቀር ደጋግሜ ስላየሁ፣ ብርድ የማይችሉትን ሁሉ ከላይ ነው የምተክላቸው። በአበባ ማስቀመጫ የተተከሉትን ደግሞ ያን ቀን ፀሐይ ሲመታው ወደሚውለው ግድግዳ አስጠግቼ አንድ ላይ አጠጋጋኋቸው። ግድግዳውም እንደ አፈሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣል።

አሁን ወደ ሽፋኑ። አሮጌ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ ስስ ነጭ የአትክልት መሸፈኛ፣ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። በየመደቡ ከተክሎቹ ከፍ ያሉ እንጨቶች ተከልኩና ጨርቁን ከላይ ዘረጋሁት። ቅጠሉ ላይ እንዳይተኛ ነው። ጨርቁ ቅጠሉን ከነካ እዚያ ቦታ ላይ ብርዱ ያልፋል። ዋናው ጉዳይ ግን ጠርዙ ነው። ጨርቁ በአራቱም በኩል መሬት መድረስ አለበት፤ ዳሩ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል ወይም አፈር ይደረግበታል። ሰዎች ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ሲሸፍኑ ጨርቁን ከላይ ጠቅልለው ግንዱ ላይ ያስሩታል። ይህ ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት ወደ ውጭ ያስቀረዋል። የትንሹን የኮክ ዛፍ ጨርቅ ከአናቱ ለቅቄ እስከ መሬት ያወረድኩት ለዚህ ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። የሸፈንኩት ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት፣ አፈሩ ገና ሞቆ ሳለ ነው። ከእራት በኋላ በባትሪ መብራት የሚሸፈን መደብ ሙቀቱን ግማሽ ጥሏል።

ላስቲክ ብቻውን አልወድም። ከአፈሩ የሚወጣው ሙቀት በተራ ላስቲክ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ ቅጠል ከነካም ያንን ቅጠል ውርጩ ይመታዋል። ዝናብ ወይም በረዶ ከተጠበቀ ግን ከጨርቁ በላይ መደረቡ ጥሩ ነው፣ ጨርቁ እንዳይበሰብስ። ስሱ የአትክልት መሸፈኛ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያተርፋል፤ ሲደረብ ይጨምራል። ለየብቻቸው ለቆሙ ችግኞች ባልዲ ደፋሁባቸው። በየሽፋኑ ስር ደግሞ ቀን ፀሐይ ላይ ሲሞቁ የዋሉ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች አስቀመጥኩ። ውሃ ሲቀዘቅዝ ሙቀት ይለቃል። ሻማ ግን ከጨርቅ ስር አላስገባም፤ እሳት ነው።

ጎረቤቴ "ትልልቅ እርሻዎች ሌሊት ውሃ ይረጩ የለ? ለምን እንደዚያ አይደረግም?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም መታወቅ አለበት። 1 ኪሎ ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ 334 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። የተረጨው ውሃ ቅጠሉ ላይ ያለማቋረጥ በረዶ እየሆነ እስከቀጠለ ድረስ ቅጠሉ ዜሮ አካባቢ ይቆያል። ነገር ግን ያው 1 ኪሎ ውሃ ሲተን 2,500 ኪሎጁል ገደማ ይወስዳል፤ ከሰጠው ሰባት እጥፍ በላይ። ርጭቱ እኩለ ሌሊት ላይ ቢቋረጥ ወይም ነፋስ ቢነሳ ተክሉ ምንም ካልተደረገለት በላይ ይቀዘቅዛል። ከጀመሩት በረዶው እስኪቀልጥ አይቆምም። ለዚያ የሚሆን የውሃ ኃይልና መሣሪያ የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ትልቁን ፖም መሸፈን አይቻልም። እሱን በተመለከተ ያረጋጋኝ ቁጥሩን ማወቄ ነው። ያልተከፈተ እምቡጥ ብዙ ብርድ ይችላል፤ እየተከፈተ ሲሄድ አቅሙ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ያበበ ፖም ለግማሽ ሰዓት ያህል ከዜሮ በታች 2.2 ዲግሪ ቢያገኘው ከአበባው 10 በመቶ ገደማ ይሞታል። ከዜሮ በታች 3.9 ከደረሰ 90 በመቶው ያልቃል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ከአስር አበባ አንዱ ቢጠፋ ዛፉ አይጎዳም፤ ለነገሩ ሁሉም አበባ ፍሬ ቢሆን ቅርንጫፉ አይችለውም። ስለዚህ ከስሩ ያለውን ሳር አሳጥሬ አጭጄ፣ አፈሩን አጠጥቼ ተውኩት።

የሌሊቱ ብርድ የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ልክ ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወጥቼ ስመለከት ውጭ ያለው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 2 ይላል፤ ጨርቁ ስር ያለው ግን ከዜሮ በላይ 1። ሳሩ ነጭ ሆኗል። የታችኛው መደብ ላይ የተውኩት ጎመን እንኳ በውርጭ ተሸፍኗል፤ ረፋድ ላይ ግን እንደነበረ ሆኖ ተነሳ። ጨርቁን ለማንሳት አልቸኮልኩም። አየሩ ከዜሮ በላይ እስኪሆንና ውርጩ እስኪቀልጥ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ወዲያው ማንሳት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ፀሐይዋ ከስር ታፍናቸዋለች።

የአበባውን ዕጣ ለማወቅ ቅጠላ ቅጠሉን ማየት አይበቃም። ከሰዓት በኋላ ጥቂት የፖም አበባዎች ቆርጬ ቁልቁል ለሁለት ሰነጠቅኳቸው። መሀሉ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ዙሪያው ምንም ቢያምር፣ ፍሬ አይሆንም። ከቆረጥኳቸው አብዛኞቹ አረንጓዴ ነበሩ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት እንደ ጥጥ የሚወርደው ለስላሳ በረዶ (ስኖው) ወረደ። በረዶ ከውርጭ ይልቅ የሚያስደነግጥ ይመስላል፤ ለዝቅተኛ ተክሎች ግን የዋህ ነው። ውስጡ አየር ስለሞላው ከስሩ ያለው ዜሮ አካባቢ ይቆያል። አተሩንና ነጭ ሽንኩርቱን አልነካኋቸውም። የጸደይ በረዶ ችግሩ ክብደቱ ነው። እርጥብ ነው፣ ቅጠል ባወጣ ቅርንጫፍ ላይ ይከመራል፣ ይሰብራል። መጥረጊያ ይዤ ከስር ወደ ላይ ቀስ እያደረግኩ አራገፍኩ። ከላይ ወደ ታች መምታት ቀድሞውኑ የጎበጠውን ይገነጥለዋል። ግግር ሆኖ የተጣበቀውን ደግሞ እስኪቀልጥ መተው ነው። የሽፋኖቹንም ጀርባ ደጋግሜ ጠረግኩ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው በረዶው ካቆመ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። ሰማዩ ይጠራል። መሬቱ ነጭ ስለሆነ ቀን የመጣው ፀሐይ ተመልሷል፤ አፈሩም ሙቀቱን ከበረዶው ስር ይዞት ተቀምጧል። ከበረዶው በላይ ያለው አየር በጣም ይቀዘቅዛል። ሽፋኑን ያላነሳሁት ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ አንድ ጥግ ላይ ያለ ዝኩኒ ጨርቁን የነካው ቅጠሉ ተጎዳ። መጀመሪያ ውሃ የገባበት መሰለ፣ ከዚያ ጠቆረ። የሚሆነው ይህ ነው፦ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ መሆን የሚጀምረው በሴሎቹ መካከል ነው፣ ከሴሎቹም ውሃ ይስባል፤ ሴሎቹ ይደርቃሉ፣ ስስ ሽፋናቸውም ይጎዳል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቅጠሎች በአንድ ሙቀት አንዱ ሞቶ አንዱ ሊተርፍም ይችላል። ንጹህ ውሃ ከዜሮ በታች ወርዶ እንኳ በረዶ ሳይሆን መቆየት ይችላል፤ የሚያስጀምረው ነገር ይፈልጋል። ፕሱዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባል ቅጠል ላይ የሚኖር ባክቴሪያ አንዱ አስጀማሪ ነው።

የጠቆረውን ቅጠል ወዲያው አልቆረጥኩትም። የቱ እንደሞተና የቱ እንደሚያንሰራራ አንድ ሁለት ሳምንት ካልቆየ አይለይም። መቁረጥ ደግሞ ለጋ ቡቃያ ይቀሰቅሳል፤ ሌላ ውርጭ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። በዚያው ምክንያት ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያም አልሰጠሁም። ዝኩኒው አሁን ከመሀሉ አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

ለሚመጣው ጊዜ እንጨቶቹን ከመደቡ ዳር አልነቀልኳቸውም፣ ድንጋዮቹም እዚያው ናቸው። ጨርቆቹን አድርቄ በአንድ ሳጥን አስገብቻለሁ፤ እርጥብ ከታጠፉ ይሻግታሉ። ከየዓይነቱ ጥቂት ችግኝ ቤት ውስጥ ማስቀረትም ልማዴ ነው። እነሱን አሁን ቀን እያወጣሁ ማታ እያስገባሁ አለማምዳቸዋለሁ፤ ሌሊቶቹ ሲረጋጉ ባዶ በቀረው ቦታ ይገባሉ።